ፋሶላኪያ ደረጃ በደረጃ፦ ፎሶሊያ በወይራ ዘይት፣ ውሃ ሳያቁር

ፎሶሊያ በወይራ ዘይትና በቲማቲም ሞክረው ያልተሳካላቸው ሰዎች የሚነግሩኝ ችግር ከሦስት አያልፍም። ፎሶሊያው ጥርስ ላይ እየተንጫጫ ይቀራል፤ ቲማቲሙ ውሃ አቁሮ ሾርባ ይሆናል፤ ወይም ዘይቱ ለብቻው ይንሳፈፍና ቀለል ያለ ምግብ ልንበላ ተነስተን ሆዳችን ይከብዳል። የሦስቱም መነሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ምግቡ ሳይደርስ ድስቱ ወርዷል።

ግሪኮች በወይራ ዘይት የሚበስል የአትክልት ምግብን «ላዴራ» ይሉታል። «ላዲ» ዘይት ማለት ነው። የፎሶሊያው ላዴራ ስሙ ፋሶላኪያ ነው፤ ለጀማሪ ስለሚቀል በእሱ እንሥራ። የመድረሱ ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ ድስቱ ውስጥ ውሃ የለም፣ የቀረው ከቲማቲሙ ጋር የተዋሃደ ዘይት ነው። ግሪኮች «ከዘይቱ ጋር ቀረ» ይላሉ። እኛ ወጥ «ዘይቱን ተፋ» ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱን 7ኛው ደረጃ ላይ ታዩታላችሁ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ለማዘጋጀት 25 ደቂቃ፣ እሳት ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ ከወረደ በኋላ ለማረፍ ደግሞ አንድ ሰዓት። ለምሳ 7 ሰዓት ከፈለጋችሁት ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ከሥራ ገብታችሁ በግማሽ ሰዓት የምታደርሱት እራት አይደለም። ማታ ሠርታችሁ ለነገ ብታሳድሩት ግን እንዲያውም ይጣፍጣል።

የግሪክ አሠራሮች አብዛኛውን ጊዜ «40 ደቂቃ» ይላሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አቴንስ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም፤ ውሃ እዚያ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ድስቱ እኩል ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ስለሆነ አትክልቱ ይዘገያል። እዚህ የምሰጣችሁ ደቂቃ ለአዲስ አበባ ነው። ደብረ ብርሃን ያላችሁ 10 ደቂቃ ያህል ጨምሩ፤ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀንሱ።

የሚያስፈልገው (ለ6 ሰው)

- ፎሶሊያ፦ 1 ኪሎ
- ኤክስትራ ቨርጂን የወይራ ዘይት፦ 120 ሚሊ ሊትር (8 የሾርባ ማንኪያ)፣ ለመጨረሻው ደግሞ 1 ማንኪያ
- ቀይ ሽንኩርት፦ 2 መካከለኛ
- ነጭ ሽንኩርት፦ ከአንድ ራስ 3 ፍሬ
- በደንብ የበሰለ ቲማቲም፦ 600 ግራም
- የቲማቲም ድልህ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ
- ድንች፦ 2 መካከለኛ (ቢቀርም ይቻላል)
- ፓርስሊ፦ 1 እፍኝ፤ ናና፦ 5 ወይም 6 ቅጠል
- የፈላ ውሃ፦ 250 ሚሊ ሊትር
- ጨው፦ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ፤ ስኳር፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤ ቁንዶ በርበሬ

ድስቱ ሰፊና መቀመጫው ወፍራም ይሁን፤ ክዳኑም በደንብ ይግጠም። ጠባብና ረጅም ድስት ከተጠቀማችሁ ከታች ያለው ይፈርሳል፣ ከላይ ያለው ጥሬ ይሆናል። ስስ ድስት ብቻ ካላችሁ ምጣድ ወይም የብረት ሰሃን ከሥሩ አድርጉ፣ እሳቱ በቀጥታ እንዳያገኘው።

ስለ ዘይቱ፦ መጠኑና ዓይነቱ

120 ሚሊ ሊትር ብዙ የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። ለ6 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ ወደ 160 ካሎሪ ገደማ። በምግቡ ውስጥ ሌላ ቅባት የለም። ዘይቱን ወደ 2 ወይም 3 ማንኪያ ያወረደ ሰው የሚያገኘው የተቀቀለ ፎሶሊያ በቲማቲም ውሃ ነው፤ ድልኹን ከአትክልቱ ጋር አጣብቆ ወፍራም የሚያደርገው ዘይቱ ነውና። መቀነስ ካለባችሁ እስከ 90 ሚሊ ሊትር ውረዱ፣ ከዚያ በታች አትሂዱ።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

- «ኤክስትራ ቨርጂን» የሚለውን ውሰዱ። ጥቁር ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ይሻላል፤ ብርሃን ዘይቱን ያበላሸዋል።
- «ላይት» የሚለው ካሎሪው የቀነሰ አይደለም። የተጣራ፣ ጣዕሙና ቀለሙ የቀነሰ ማለት ነው። ቅባቱ እኩል ነው። ክብደት ለመቀነስ ብለው ይህን የሚገዙ ሰዎች ገንዘባቸው ሲባክን ማየት ያሳዝነኛል።
- «ፖማስ» የሚለው ከተጨመቀ በኋላ ከቀረው የወይራ ዝቃጭ በኬሚካል ወጥቶ የተጣራ ነው። ለመጥበሻ ይሆናል፤ ለላዴራ ግን ጣዕም አይሰጥም።

ከመጠቀማችሁ በፊት በሻይ ማንኪያ ቅመሱት። ጉሮሮን ለኮፍ ካደረገ ጥሩ ነው፣ አልተበላሸም። የከረመ ኦቾሎኒ ከሸተተ ግን አትጠቀሙበት፤ ምግቡን ሁሉ ያንን ያሸተዋል።

«ኤክስትራ ቨርጂን እሳት አይነካም» የሚባለው አያስፈራችሁ። ይህ ዘይት የሚጨሰው 190 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው፤ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ሙቀቱ ወደዚያ አይጠጋም።

1ኛ ደረጃ፦ ፎሶሊያውን ምረጡና ለቅሙ

ገበያ ላይ አንዷን አንስታችሁ ስበሯት። ጧ ብላ ከተሰበረች ትኩስ ነው። ከታጠፈች ቆይቷል። ፍሬው ከውጭ አብጦ የሚታይ ከሆነ አርጅቷል፤ እየተበላም ገመድ ገመድ ይላል።

1. ሳትቆርጡት በፊት እጠቡት። ከተቆረጠ በኋላ ከታጠበ ውሃ ይገባዋል።
2. አናቱን ሰብራችሁ ወደ ታች ሳቡት፤ ክር ካለው አብሮ ይወጣል። ጭራውንም እንዲሁ።
3. ረጅሙን መሃል ላይ አንድ ጊዜ ስበሩት። እንደ ጎመን አትክተፉት።
4. ወፍራሙን ከቀጭኑ ለዩ። ወፍራሙ ከድስቱ ሥር፣ ቀጭኑ ከላይ ይሆናል።

ካረጀ፦ ቲማቲም ከማግኘቱ በፊት በጨው ውሃ 8 ደቂቃ ቀቅሉትና አጥልሉት። የቲማቲም ኮምጣጣነት አትክልት እንዳይለሰልስ ያደርጋል፤ ጠንካራ ሆኖ ከገባ ጠንካራ ሆኖ ይቆያል። ቤኪንግ ሶዳ ግን እንዳትጨምሩ። ያለሰልሳል፣ አረንጓዴነቱንም ይጠብቃል፤ ነገር ግን ቆዳው ይሟሟና ሙጫ ይሆናል።

2ኛ ደረጃ፦ ቲማቲሙን ፈቅፍቁ

የግሪክ ቤት ውስጥ ቲማቲም አይላጥም። ለሁለት ይሰነጠቃል፤ የተቆረጠው ፊቱ በመፈቅፈቂያው ትልቅ ቀዳዳ ላይ ይፈቀፈቃል፤ መዳፍ ውስጥ ቆዳው ብቻ ይቀራል። አንዱን ስትጨርሱ እጃችሁ ላይ የቀረው እንደ ወረቀት የሳሳ ቆዳ ከሆነ በትክክል ሠርታችኋል። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ግፉ፣ ጣታችሁን አታሹሉ፤ አለበለዚያ መፈቅፈቂያው ያቆስላችኋል።

ቲማቲሙ ገርጣ ካለ 600 ግራሙን ወደ 400 ቀንሱና ድልኹን ወደ 2 ማንኪያ አሳድጉ። ያልበሰለ ቲማቲም የሚሰጠው ውሃና ኮምጣጣነት ብቻ ነው። የቆርቆሮ ቲማቲም ካላችሁ ባለ 400 ግራሙ አንዱ ይበቃል።

3ኛ ደረጃ፦ ሽንኩርቱን አለስልሱ፣ አታቁላሉ

እጃችን የለመደው ቁሌት ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላልተንና አጥቁረን ወጥ እንሠራለን። እዚህ ያንን እርሱት። ቡናማ የሆነ ሽንኩርት የወይራ ዘይቱን ጣዕም ይሸፍነዋል፣ ምግቡም ወደ ወጥነት ያዘነብላል።

1. ሽንኩርቱን በቀጭኑ ቁረጡ።
2. 120 ሚሊ ሊትሩን ዘይት በሙሉ አሁኑኑ ጨምሩ። ግማሹን ለኋላ አታስቀሩ።
3. ሽንኩርቱን ዘይቱ ሳይግል ክተቱና ትንሽ ጨው ነስንሱበት።
4. በዝቅተኛ እሳት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ አማስሉ። ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪመስል ድረስ ብቻ።
5. ነጭ ሽንኩርቱን ጨምራችሁ 1 ደቂቃ፣ ድልኹን ጨምራችሁ 2 ደቂቃ። ድልኹ ዘይቱን ብርቱካናማ ያደርገዋል።

ጠርዙ ቡናማ መሆን ከጀመረ፦ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጣል አድርጉበትና እሳቱን ቀንሱ። ነጭ ሽንኩርቱ ካረረ፦ አውጥታችሁ ጣሉትና ሌላ ክተቱ። ያረረ ነጭ ሽንኩርት ምሬቱ በምንም አይሸፈንም።

4ኛ ደረጃ፦ ፎሶሊያውን ከቲማቲሙ በፊት ዘይት አስይዙት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ፎሶሊያውን ክተቱ፣ ቀሪውን ጨው ጨምሩ፣ እሳቱን ወደ መካከለኛ ከፍ አድርጉና ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ከታች ወደ ላይ እያገላበጣችሁ አቆዩት። መጀመሪያ ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቀጥሎ ይደበዝዛል፤ ስትይዙትም ይታጠፋል። መታጠፍ ከጀመረ ለቲማቲሙ ዝግጁ ነው። ካልታጠፈ ጠብቁ፤ እዚህ ላይ የተቆጠበ 5 ደቂቃ በኋላ 20 ደቂቃ ያስከፍላል።

5ኛ ደረጃ፦ ቲማቲምና ውሃ

1. ወፍራሙ ፎሶሊያ ከሥር መሆኑን እዩ።
2. ድንቹን ለአራት ቁረጡና ከላይ ሰካ ሰካ አድርጉት።
3. ቲማቲሙን አፍስሱ፤ ስኳሩንና ቁንዶ በርበሬውን ጨምሩ።
4. ከ250 ሚሊ ሊትሩ 200ውን ብቻ፣ በድስቱ ጠርዝ በኩል አፍስሱ። ቀሪው መጠባበቂያ ነው።

ውሃው የፈላ መሆን አለበት። ቀዝቃዛ ውሃ ድስቱን ያስደነግጠዋል፤ እንደገና እስኪሞቅ አትክልቱ ለብ ባለ ኮምጣጣ ውሃ ውስጥ ይቆያል። ውሃው አትክልቱን መሸፈን የለበትም፤ ግማሹ ድረስ ብቻ። ከሸፈነው የምትሠሩት ሾርባ ነው።

6ኛ ደረጃ፦ ክደኑና አትንኩት

አንዴ ከተንተከተከ እሳቱን ዝቅ አድርጉ፣ ክደኑ፣ 45 ደቂቃ ተዉት። ከሰል ላይ ከሆናችሁ ፍሙን በትኑት። የሚሰማችሁ ቀስ ያለ ቡልቅ ቡልቅ ይሁን፤ የሚንፈቀፈቅ ከሆነ በርትቷል።

ማማሰያ አታስገቡ። የለሰለሰ ፎሶሊያ ይሰነጠቃል፣ ድንቹ ይፈርሳል። በምትኩ የድስቱን ሁለት ጆሮ በጨርቅ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጉት። በ20ኛውና በ35ኛው ደቂቃ ክዳኑን ከፍታችሁ ውሃውን እዩ፤ ከሥር ደርቆ ከሆነ ከመጠባበቂያው 2 ወይም 3 ማንኪያ ጨምሩ።

በ45ኛው ደቂቃ አንድ ወፍራም ፎሶሊያ አውጥታችሁ ቅመሱ። በምላስና በላንቃ መሃል ተጭኖ መፍረስ አለበት። ጥርስ ላይ ከተንጫጫ 10 ደቂቃ ጨምሩና ደግማችሁ ቅመሱ፤ ሰዓቱን ሳይሆን አፋችሁን እመኑ። ጥሬ ገመስ የሆነ ፎሶሊያ ሆድንም ያውካል። ቀለሙ አሁን የወይራ ቅጠል ይመስላል። «አረንጓዴነቱ ጠፋ፣ አበላሸሁት» አትበሉ፤ ላዴራ እንዲህ ነው።

መብራት ከጠፋ፦ አትክፈቱት። ድስቱን በወፍራም ፎጣ ጠቅልሉት፤ ሙቀቱ እየያዘ ይበስላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

በፕሬዠር ኩከር ከሠራችሁ፦ ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት ሥሩን አንድ ጊዜ ጠርጉት፤ ድልህ ከሥር ሲጣበቅ ያርራል። ካፏጨ በኋላ 6 ደቂቃ ይበቃል። እንፋሎቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ብቻ ክፈቱና ወደ 7ኛው ደረጃ ሂዱ። ውሃው ስላልተነነ እዚያ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድባችኋል።

7ኛ ደረጃ፦ ክዳኑን አንሡና ውሃውን ጨርሱ

አቴንስ ውስጥ ቤታቸው እሠራ የነበርኩት አሮጊት፣ ሁላችንም «ያያ» (በግሪክኛ ሴት አያት) የምንላቸው፣ ሰዓት አይተው አያውቁም። ድስቱን በጆሮው ይዘው ወደ ራሳቸው ያዘነብሉትና ጥግ ላይ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ያዩታል። ቀይ ውሃ ሮጦ ከመጣ ድስቱን ይመልሱታል። ወፍራም ድልህ ቀስ ብሎ መጥቶ ዳር ዳሩ ላይ ብርቱካናማ ዘይት ሲያበራ ብቻ «አሁን» ይሉኛል። እኔ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ በችኮላ አውርጄዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ምንም ሳይናገሩ ወደ እሳቱ መልሰውታል።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

1. ክዳኑን አንሡ፣ እሳቱን ወደ መካከለኛ ከፍ አድርጉ።
2. ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየነቀነቃችሁ አትንኑ።
3. በየ3 ደቂቃው ድስቱን አዘንብላችሁ ጥጉን እዩ። ክንዳችሁን ከእንፋሎቱ አርቁ።
4. ድልኹ ማንኪያ ላይ ተሸክሞ ሲቆምና ዳሩ ላይ የዘይት መስመር ሲታይ አውርዱ።

ከወጥ የሚለየው እዚህ ነው። ወጥ ላይ ዘይቱ ከላይ ተዘርግቶ እስኪታይ እንጠብቃለን፤ እዚህ ዘይቱ ገና ድልኹን እንዳቀፈ፣ ዳር ላይ ብቻ ብቅ ሲል ይወርዳል። ዝም ብላችሁ ከቀጠላችሁ ይለያይና ይንሳፈፋል።

8ኛ ደረጃ፦ አሳርፉት

ፓርስሊውንና ናናውን ከትፋችሁ በትኑበት፣ አንድ ጊዜ ነቅንቁት፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉና አንድ ሰዓት ተዉት። ትኩስ ፋሶላኪያ ኮምጣጣና ቅባታም ይመስላል። ለብ ሲል ግን ፎሶሊያው ድልኹን ይመጥጣል፣ ጣፋጭነቱም ይወጣል። ጨው የምታስተካክሉት ያኔ ነው፤ ትኩስ ሆኖ ቀምሳችሁ ከጨመራችሁ ይበዛባችኋል። ስታቀርቡ የመጨረሻውን አንድ ማንኪያ ጥሬ ዘይት ከላይ አፍስሱ።

አልሆነም ካላችሁ

- ውሃ ካቆረ፦ አትክልቱን በጭልፋ አውጡ፣ ፈሳሹን ለብቻው በኃይለኛ እሳት አትንኑ፣ ከዚያ መልሱት። ዱቄት አትጨምሩ።
- ዘይቱ ከተለየ፦ 2 ማንኪያ የፈላ ውሃ ጣል አድርጉና ከእሳት ውጭ በኃይል ነቅንቁት። ይገጥማል።
- ከሥር ካረረ፦ ሳትነቀንቁና ሳትጠርጉ የላይኛውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ። ሥሩን ከነካችሁት ሽታው ሁሉንም ይይዛል።
- ከኮመጠጠ፦ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ጨምሩለት፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ አለመድረሱ ነው። ካልሆነ ስኳር በቁንጥጫ።
- ጨው ከበዛ፦ ያለ ጨው የተቀቀለ ድንች ጨምሩበትና አሳርፉት።

ሲበላ

ከዳቦ ጋር። ወፍራም ቁራሽ ድልኹ ውስጥ ተነክሮ ይበላል፤ ግሪኮች ይህን «ፓፓራ» ይሉታል። ድፎ ዳቦ በጣም ይስማማዋል። እንጀራ ግን ኮምጣጣው ከቲማቲሙ ጋር ስለሚደራረብ አልመክርም።

በፍስክ ቀን ከጎኑ ፌታ ይቀርባል። ፌታ ከበግ ወተት፣ ወይም ከበግና እስከ 30 በመቶ ከሚደርስ የፍየል ወተት የሚሠራ ጨዋማ አይብ ነው። ካጣችሁ የቤት አይብ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቃችሁ፣ ጨውና ትንሽ ሎሚ አድርጉበት። ፌታ አይሆንም፤ ቦታውን ግን ይሸፍናል። ያለ አይብ ምግቡ ሙሉ በሙሉ የጾም ነው። የግሪክ ኦርቶዶክስ እንግዳ ካላችሁ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በእነሱ ሥርዓት ጥብቅ የጾም ቀን ላይ ዘይትም አይበላም።

ለማሳደር

ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩት። በክዳን ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ዘይቱ ነጣ ብሎ ቢረጋ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት፤ የወይራ ዘይት በቅዝቃዜ ይረጋል። የምትበሉትን ብቻ ከግማሽ ሰዓት በፊት አውጡ፣ ወይም በዝቅተኛ እሳት አሙቁት።

በባሚያ ብትሠሩት

አሠራሩ ያው ነው፣ ሁለት ነገር ብቻ ይለወጣል። የባሚያውን አናት እንደ እርሳስ ዙሪያውን ላጡት እንጂ ፍሬው እስኪታይ አትቁረጡት። ከዚያ በጨውና በ3 ማንኪያ ኮምጣጤ ለውሳችሁ 30 ደቂቃ አቆዩት፣ እጠቡት፣ በጨርቅ አድርቁት፤ ይህ ንፍጡን ይቀንስለታል። 6ኛው ደረጃ ላይ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ማማሰያ ካስገባችሁበት ግን ሁሉም ይፈርሳል፤ ድስቱን ብቻ ነቅንቁ።